ለአርብ የተቀጠረ መርዶ

ዝናብ የነካው ጭድ ሲሸተኝ ትዝ የሚለኝ አውድማ ወይም የከብት በረት አይደለም፤ ካርቱም ነው። ባለፈው ሰኔ ከፒያሳ ወደ ቤቴ ስወርድ ጭድ የጫነ መኪና ጎማው ተንፍሶ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ካፊያው ጭዱን አርሶታል። በአጠገቡ ሳልፍ ሽታው ያዘኝና ረዳቱ ጎማውን ቀይሮ እስኪጨርስ ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ያ ሽታ የመስኮት ሽታ ነው። ካርቱም ባረፍንበት ክፍል መስኮት ላይ ትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን ተገጥሞ ነበር። ሦስቱ ጎኖቹ ጭድ ተጠቅጥቆባቸዋል። ከላይ ውኃ ይንጠባጠብበታል፤ ውስጡ ያለው ማራገቢያ ሲዞር በእርጥቡ ጭድ ያለፈ ቀዝቃዛ ነፋስ ወደ ክፍሉ ይገባል። ሙከይፍ ይሉታል። ስድስት ሌሊት ከሥሩ ተኝቻለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍል። አባባን የቀበርነው በየካቲት ነው። አባባ የእናቴ አባት ነው፤ ፒያሳ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር። እናቴ ትብለጥ በአምስት ዓመቴ ለሥራ ሱዳን ስትሄድ ለእሱ ሰጥታኝ ሄደች። ሴት አያቴን አላውቃትም፤ በቤቱ ውስጥ እኔና አባባ ብቻ ነበርን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ነው፤ የእሱ ዓይን ደክሟል። ስምንት መርፌ አዘጋጅቼ አሮጌ ትራስ ላይ ተራ በተራ እሰካለሁ፤ እስኪመሽ ይበቁታል። ሦስት ቀን ታመመና በአራተኛው ሞተ። ትራሱ ላይ አምስት መርፌ ከነክሩ ቀርቶ ነበር።

ከሠልስቱ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ የተነጋገረው ስለ እናቴ ነው። አንድ አስተማሪ ጎረቤታችን፣ «ስልክ አላት አይደል? ቀስ አድርጎ መንገር ነው» አለ። የአባባ ታናሽ ወንድም አያ እንየው ከትክል ድንጋይ ለቀብር የመጣ ገበሬ ነው። አስተማሪውን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

«ምነው፣ ሰው የላትም? ወንድሜ ሞቶ ልጁን በስልክ ላርዳት? ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ብትወድቅ ማን ያነሣታል?»

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሰው ቤቱን ሞልቶ፣ ግራና ቀኝ የሚይዛት ተቀምጦ። ስለዚህ አያ እንየው ካርቱም ድረስ ሄዶ እንዲነግራት ተወሰነ። እኔ ደግሞ ምክንያት ሆኜ እንድሄድ። አጎቷን ድንገት ብታየው መርዶ ይዞ እንደመጣ ወዲያው ታውቃለች፤ «ልጅሽ እናቴን አሳዩኝ ብሎ አስቸገረ» ሲባል ግን ታምናለች። እኔ አስቸግሬ አላውቅም። በስሜ እንዲህ ሊባል መሆኑ ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ አሳሰበኝ።

ሌላው ምክንያት እኔ እየሰማሁ የተነገረ ነው። ከተረዳች በኋላ ከእኛ ጋር ወደ ጎንደር ትመለሳለች። ካልተመለሰች እኔን የሚይዝ የለም። አያ እንየው ሰባት ልጆች አሉት፤ እህሉም ከሐምሌ አያልፍም።

ወረቀቱን ያስጨረሰልን ሐጂ ኑሩ ነው። ከሱዳን ጋር የሚነግድ የጎንደር ሰው ነው፤ ሱሪውን ሁሉ የሰፋለት አባባ ነበር። «ልጄ ሰዒድ ካርቱም ነው። እሱ ዘንድ ታርፋላችሁ፤ ትብለጥን ያውቃታል፣ አፉንም ይይዛል» አለን።

ጥቁሩን አውልቀን ነጭ ለበስን። አዘዞን፣ አይከልን፣ ሸኸዲን አልፈን መተማ አደርን። በማግስቱ ድልድዩን በእግር ተሻገርን። አያ እንየው በወጣትነቱ ሰሊጥ አጨዳ መተማ ድረስ ወርዶ ያውቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ለእሱም ለእኔም አንድ ነው። ከገዳሪፍ በተሳፈርንበት አውቶቡስ መስኮቱ ላይ እጄን ሳስደግፍ አቃጠለኝ። አያ እንየው ያን ሁሉ መንገድ እንደ ትምህርት ያስጠናኝ ነበር።

«አባባ እንዴት ነው ስትልህ?»

«ደህና ነው።»

«ሌላስ?»

«ሰላም ብሎሻል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ሸጋ። ሌላ የለም።»

ካርቱም የደረስን ቅዳሜ ነው። ሰዒድ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ አገኘን፤ ለአያ እንየውም አንድ ይዞለት ነበር። «ይሄን ይልበሱ አያ፣ ጋቢው እዚህ ይገድልዎታል።» አያ እንየው ጀለቢያውን በሁለት ጣቱ አንሥቶ አየው። «ቀሚስ ነው። ሚስቴ እንዳትሰማ» አለና ለበሰው።

ዴም በሚባለው ሰፈር በእግር ስንሄድ አያ እንየው እንደ አገሩ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል። ጥምጣም ለጠመጠመው፣ ኦቾሎኒ ለምትሸጠው የሐውሳ ሴትዮ፣ በአህያ ጋሪ ውኃ ለሚያዞረው ልጅ። ሱዳኖቹም ቆመው በአረብኛ ረጅም አድርገው ይመልሱለታል፤ እሱ በአማርኛ ይቀጥላል። ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ሰው በኋላ ላቡን ጠርጎ፣ «እነዚህ አያልቁም» አለና ተወው።

የሰዒድ ግቢ አራት ክፍል ነበረው። አንዱ የሰዒድ ነው። አንዱ ለተ የምትባል የአሥመራ ሴት ክፍል ነው፤ ፀጉር ትሠራለች። በሦስተኛው አቾል ትኖራለች፤ ከደቡብ የመጣች፣ በሩ ራሷን ዝቅ አድርጋ ካልሆነ የማያስገባት ረጅም ሴት ናት፤ መንገድ ዳር ሻይ ትሸጣለች። በአራተኛው ማን እንደሚኖር አላወቅሁም፤ ሁልጊዜ ሬዲዮ ይሰማበታል። ለተ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከአቾል ጋር በአረብኛ፣ ከራሷ ጋር በትግርኛ ታወራለች። ማታ ሦስቱም ቋንቋ በአንድ ጊዜ ግቢው ውስጥ ይሰማል። እኔ ሰው ሁሉ እየተጣላ ይመስለኝ ነበር፤ ሳይ ግን ይስቃሉ።

እናቴ ወንዙን ተሻግሮ ካለ አንድ ትልቅ ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች። የምታርፈው አርብ ብቻ ነው። ሌሎቹም ተቀጥረው የሚሠሩ የጎንደር ሴቶች የሚያርፉት አርብ ነው። ሰዒድና አያ እንየው ተነጋግረው መርዶውን ለአርብ ማለዳ ቀጠሩት። ከዚያ በፊት ልታየኝ ስትመጣ ምንም እንዳታውቅ ተባለ።

እሑድ ከሰዓት መጣች። የማውቃት በፎቶ ነው፤ በፎቶው ጉንጯ ሙሉ ነው። የገባችው ሴት ቀጭን ናት፤ እንደ ሱዳኖቹ ቢጫ ጨርቅ ተጠቅልላለች፤ ጣቶቿም ሒና ነክቷቸዋል። ተነሥቼ እጄን ዘረጋሁላትና፣ «ደህና ዋልሽ» አልኳት።

«ጉድ በል! ጨብጠህ ልትሸኘኝ ነው?» አለች። ሳቀች፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ ታቅፋኝ አለቀሰች። አንገቷ ላይ የማላውቀው ሽቶ ነበር። እስክትጨርስ ድረስ እጆቼን ወዴት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ።

«አያ፣ አንተንስ ምን እግር ጣለህ?»

«ልጅሽ አላስቀምጥ አለና» አለ አያ እንየው ጢሙን እያሻ።

«አባባስ?»

«ደህና ነው። ሰላም ብሎሻል።»

«እሱ ይዞት አይመጣም ነበር?»

«ፋሲካ እየደረሰ አይደል? ሥራ በዛበት።»

እናቴ ጥቂት አየችው። ከዚያ ቀዝቃዛ ነገር ልግዛልህ ብላ እጄን ይዛ ወጣች። ወዲያው አልገዛችልኝም፤ መጀመሪያ አንድ ግንብ ጥላ ሥር አቆመችኝና ፊቷ ከፊቴ ጋር ትክክል እስኪሆን ቁጢጥ አለች።

«እውነቱን ንገረኝ ይርጋዬ። አያ እንየው ውሸት አይችልበትም፤ ሲዋሽ ጢሙን ያሻል። አባባ ደክሟል?»

«ደህና ነው። ሰላም ብሎሻል።»

«እሱንማ ሰማሁ። መርፌው ላይ ክር ማን ያስገባለታል?»

«እኔ» ልል ነበር። «ራሱ ነው። መነጽር ገዝቷል» አልኩ። መነጽር ኖሮት አያውቅም።

«ስማኝ። ከደከመ አብሬአችሁ እገባለሁ። አንድ ቃል በለኝ፣ ሳምንት አልቆይም። ደህና ከሆነ ግን ሌላ ያሰብኩት ሥራ አለ፤ ራቅ ያለ ነው። ሁለት ዓመት ብሠራ ለአንተም ለእሱም ቤት ይሆናል። ጎልማሳ ነህ፤ ንገረኝ።»

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ዛሬም ቅደም ተከተሉን ሳላዛባ መናገር እችላለሁ። ደክሟል ብላት ዛሬውኑ ትጠረጥራለች፤ መርዶው ከቀኑ በፊት ይወጣል፤ ያወጣሁትም እኔ እሆናለሁ። ዝም ብል ግን አርብ ይነገራታል፤ አርብ ከተነገራት ከእኛ ጋር ትመለሳለች። ስለዚህ እስከ አርብ መያዝ ነው። በስሌቴ ስህተት አልነበረም። የማላውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለራቅ ያለው ሥራ ቀን ተቆርጦለት እንደ ነበር።

«አልደከመም» አልኳት። «ይርጋን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳላስጨርስ የትም አልሄድም ብሏል። አታስቢ ብሎሻል።»

ዓይኗን ጨፈነች። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቃል ማድረግ መቻሌ ደስ አለኝ። ማንጎ ጭማቂ ሁለት ብርጭቆ ገዛችልኝ፤ ሁለተኛውን አልጨረስኩትም።

ማክሰኞ ደግሞ ሳትጠበቅ መጣች። ጫማ ይዛልኛለች፤ ቁጥሩ ሠላሳ አምስት ነው፤ የእኔ እግር ሠላሳ ሦስት። «ትደርስበታለህ» አለች። ግቢው መካከል በርሜሉ አጠገብ አቁማ ገላዬን አጠበችኝ። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ በሰው ፊት ራቁቱን ሲታጠብ ያለውን ኀፍረት አልቻልኩትም፤ አቾል ከበሯ ሆና ትስቃለች። ከዚያ ጥፍሬን ቆረጠችልኝ፤ የእጄን ስትጨርስ የእግሬን፣ የእግሬን ስትጨርስ እንደገና የእጄን ታያለች። ደስ ያላት መሰለኝ። ያስደሰታት የእኔ ወሬ መሰለኝ።

ለአያ እንየው አንድ ጥቁር ትንሽ ሣጥን ሰጠችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመነጽር ማስቀመጫ ነዋ፤ ለአባባ።»

አያ እንየው ሣጥኑን አየ፤ እኔን አየ። «ሸጋ ነው» አለ።

ስትወጣ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። «ምነው?» አለ አያ እንየው ደንግጦ፤ «አርብ ትመጪ የለ?»

«እመጣለሁ አያ። ናፍቀኸኝ ነው።»

ከሄደች በኋላ ሣጥኑን ከፍቶ ዘጋው። «ሌላ የለም አላልኩህም?» አለኝ። አልተቆጣኝም። መነጽሩን ብቻ ነው ያወቀው፤ የቀረውን አልነገርኩትም።

ረቡዕ አቾል ሻይ ሸጣ ስትመለስ አያ እንየው አጠገብ ተቀመጠች። ነገሩን ግቢው በሙሉ ያውቃል። በአረብኛ ጠየቀችው፤ ለተ ታስተረጉማለች።

«ለምን ዛሬ አትነግሯትም ትላለች።»

«ዛሬ ብነግራት ነገ ሰው ቤት ሳህን እያጠበች ታልቅስ? እመቤቷ ምን ሆንሽ ብላ ትጩኽባት? አርብ ነው ሰው የሚኖራት።»

«የሞተን አለ እያላችሁ ታሳድራላችሁ ትላለች።»

አያ እንየው ወደ አቾል ዞረ። «እሷን እናቷ ስትሞት ማን ነገራት በያት።»

አቾል ሻይ ማፍያዋን በአሸዋ እያሸች መለሰች። «መኪና ላይ ነው ትላለች። የማታውቀው ሰው።»

«ማን ያዛት?»

«ማንም። ዘንቢሏን ይዛ ነበር።»

«እኔ የምፈራው እሱን ነው» አለ አያ እንየው። አቾል ሲተረጎምላት ራሷን ነቀነቀች፤ መስማማት ይሁን አለመስማማት አልገባኝም። ማፍያውን ማሸቷን ቀጠለች።

ሐሙስ ሰዒድ ለእናቴ ደወለ፤ ስልኳ ዝግ ነው። «ባትሪ ጨርሳ ይሆናል። ጠዋት መምጣቷ አይቀርም» አለ።

አርብ ጎህ ሳይቀድ ሰው መግባት ጀመረ። ሦስት የጎንደር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፤ አያ እንየው እስክትረዳ ድረስ አስተካክላችሁ ልበሱ አላቸው። ለተ ውኃ በባልዲ አቀረበች፤ ብትወድቅ ፊቷ ላይ ይረጫል። አቾል አልተጠራችም፤ ግን ምርጥ ልብሷን ለብሳ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። እናቴ የምትቀመጥበት ወንበር መካከል ተደረገ፤ ከግራውም ከቀኙም አንዳንድ ሴት። አያ እንየው ጀለቢያውን አውልቆ ጋቢውን ለብሷል። እኔ ሙከይፉ ሥር ነበርኩ። ሰዒድ ድምፅ እንዳይኖረው ብሎ አጥፍቶት ክፍሉ እየሞቀ ነበር።

ፀሐይ ወጣች። እናቴ አልመጣችም። የሰዒድ ስልክ ጮኸ።

«ሰዒድ? አያ እንየው ተነሥቷል?»

ሰዒድ ሁሉም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ለአያ እንየው ሰጠው። ገልብጦ ያዘው፤ ለተ አስተካከለችለት።

«የት ነሽ አንቺ?»

«ዶንጎላ ነኝ። አያ፣ ይቅር በለኝ። ማክሰኞ ብነግርህ አትለቀኝም ብዬ ነው። አሥራ ሁለት ሆነን ነው፤ ሁለቱ የጎንደር ልጆች ናቸው። አሁን መኪናው ይነሣል።»

«ወዴት ነው የሚነሣ?»

«ሊቢያ።»

አያ እንየው ሰዒድን አየው። «በረሃ ነው» አለ ሰዒድ ቀስ ብሎ፤ «ሰው ያልቅበታል።» አቾል አማርኛ አትሰማም፤ ሊቢያ የሚለውን ግን ሰምታለች። ተነሥታ ቆመችና በአረብኛ ጮኸች። ለተ፣ «አሁን ንገሯት፣ ትመለሳለች ትላለች» አለች። ሰዒድም፣ «ወላሂ እውነቷን ነው አያ። አሁን ካልነገሯት አናገኛትም» አለ።

አያ እንየው መዳፉን ስልኩ ላይ ከደነ። «ማን ይይዛታል?»

«አብረዋት አሥራ አንድ ሰዎች አሉ እኮ።»

«እነሱ መንገደኛ ናቸው።»

«አያ! ብትወድቅም እኮ ከመኪናው ትቀራለች!»

አያ እንየው መዳፉን አነሣ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። «ትብለጥ» አለ።

«አቤት አያ።»

ሴቶቹ ሁሉ ወንበሩን ያያሉ።

«አያ፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለች እናቴ። «መሄዴን ለአባባ በስልክ እንዳታስነግረው። አንተ ራስህ ገብተህ፣ በጠዋት፣ ሰው አጠገቡ አስቀምጠህ ንገረው። ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ።»

አያ እንየው፣ «እሺ» አለ። ስልኩን ለእኔ ዘረጋልኝ።

«ይርጋዬ፣ ጫማው ሆነህ?»

«ሆነኝ።»

«ያልከኝ ሁሉ እውነት ነው አይደል? አባባ አልደከመም?»

ሁሉም ያየኛል። አያ እንየውን አየሁ፤ እሱ ብቻ ወለሉን ያያል። በል የሚለኝም ተው የሚለኝም አልነበረም።

«እውነት ነው» አልኩ።

«የኔ ጎበዝ» አለች። የመኪና ሞተር ተነሣ፤ አንድ ወንድ በአረብኛ ጮኸ። ከዚያ ስልኩ ጸጥ አለ። ሰዒድ መልሶ ደወለ። አራት ጊዜ ደወለ።

ከመካከላችን የመጀመሪያዋ ያለቀሰችው ለተ ናት፤ ባዶው ወንበር ላይ እጇን አስደግፋ። ሦስቱ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አያ እንየው ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። በአባባ ቀብር ላይ እንዳየሁት ለቅሶ ላይ የሟች ስም ይጠራል፤ ስለዚህ የአባባን ስም እስኪጠሩ ጠበቅሁ። ለተ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች፣ «ትብለጥ፣ ትብለጥ» አለች። ሴቶቹም ተቀብለው «ትብለጥ» አሉ።

የገባች መስሎኝ ዞሬ በሩን አየሁ።